ሠላሳ ደረጃ በውሃ ላይ

ጀልባ ደረጃ ይወርዳል ቢሉን ባላመንን ነበር። በእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም ወደ ዉስተር በሚወስደው ቦይ፥ ታርድቢግ ከተባለው መንደር አጠገብ ግን ሠላሳ የውሃ ደረጃዎች ተከታትለው ይገኛሉ። ቦዩ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1815 ነው። ሠላሳው ደረጃ በጠቅላላው 67 ሜትር ያህል ያወርዳል። ዛሬ የጭነቱ ሥራ ስለ ቀረ የሚመላለሱበት ዕረፍተኞች ናቸው፤ እኛም ከነልጆቻችን ጀልባ ተከራይተን ገባንበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባው በላይኛውና በታችኛው መዝጊያ መካከል ካለው የግንብ ክፍል ይገባል። የክፍሉ ወርድ ከሁለት ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ጀልባውም የጠበበው ስለዚሁ ነው። የላይኛው ተዘግቶ የታችኛው የውሃ መውጫ በማኒቬላ ሲከፈት፥ ውሃው እየጎደለ ጀልባው አብሮ ይወርዳል። የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል ካልሆነ መዝጊያው ቢገፉት አይነቃነቅም። (ሞክረነዋል።)

አደጋው ከኋላ ነው። ከላይኛው መዝጊያ ሥር የግንብ ደፍ አለ፤ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ አይታይም። በሰባተኛው ደረጃ ላይ ወሬ ይዘን ሳለን ትንሹ ልጃችን «አባዬ፥ ጀልባው አጎነበሰ!» ብሎ ጮኸ። ኋላው ከደፉ ላይ ተንጠልጥሎ፥ አፍንጫው ብቻ ይወርዳል፤ እናታቸው መሪውን እንደ ያዘች ቀርታለች። ሮጠን የታችኛውን መውጫ ዘጋን፤ ታላቂቱ ልጃችን የላይኛውን ቀስ አድርጋ ከፈተች። ውሃው ተመልሶ ሞላ፤ ጀልባውም ቀና አለ። ምሳችን ግን ከነድስቱ ወለል ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ፥ የጀልባው ኋላ በግንቡ ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር ማለፉን ሳናይ ውሃ አላስወጣንም። ሠላሳኛው ላይ ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች፤ ማኒቬላውን ትንሹ ልጅ ይዞ አልሰጥም ብሏል።