የሆኪ ሜዳ በረዶ

የሆኪ ሜዳ በረዶ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ የሚካሄድበት፣ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጠጣር ውሃ ንጣፍ ነው። በዛሬዎቹ አዳራሾች ንጣፉን የሚያቀዘቅዙት ከሥሩ የተዘረጉ ቧንቧዎች ናቸው፤ በጥንት ጊዜ ግን ሥራው ሁሉ ለቀዝቃዛው ወራት አየር የተተወ ነበር። በረዶው ሲለሰልስ፣ ሲቦረቦር፣ ውሃ ሲያቁር ወይም በአመዳይ ሲሸፈን ጨዋታው ይዘገያል፣ ይቋረጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ይህ በታላላቆቹ ሊጎችም ደርሷል። በወጣቶች ሆኪ ግን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ብዙዎቹ የወጣት ቡድኖች የሚጫወቱት የማዘጋጃ ቤት ንብረት በሆኑ፣ ባረጁና ቀኑን ሙሉ ሌላ ተጠቃሚ በሚያስተናግዱ አዳራሾች ነው።

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ከዝናብ ጋር ለሚወርደው ጠጠርም፣ በቀዝቃዛ አገር ለሚዘንበው ነጭ ብናኝም፣ ለጠጣር ውሃም ያገለግላል። በዚህ ገጽ «በረዶ» የተባለው ጠጣሩ ውሃ ብቻ ነው፤ ነጩ ብናኝ «አመዳይ» ተብሏል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ባጭሩ

በበረዶ ሆኪ እያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ ያሰልፋል። ተጫዋቾቹ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ፓክ የሚባለውን ክብ ጠፍጣፋ ጎማ ወደ ተቃራኒው ግብ ይመታሉ። የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው ዱላው እንግዳ አይሆንበትም፤ እንግዳ የሚሆንበት ሜዳው ነው። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜያት አሉት። የሰሜን አሜሪካ ሜዳ 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት አለው። ፓኩ 7.62 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.54 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና ከ156 እስከ 170 ግራም ክብደት ያለው ሲሆን፣ እንደ ኳስ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል።

በካናዳ «የወጣቶች ሆኪ» የሚባለው በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆኑ ተጫዋቾች የሚሳተፉበት ደረጃ ነው። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ለሆኑት በየዓመቱ የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጃል።

በረዶ ለምን ያንሸራትታል?

ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው መልስ የተጫዋቹ ክብደት በቀጭኑ ስለት በኩል በረዶውን ተጭኖ ያቀልጠዋል የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ቢገኝም ሒሳቡ አይደግፈውም። አንድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ስለት ላይ ሲቆምና ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶውን ሲነካ፣ ግፊቱ የበረዶውን መቅለጫ ነጥብ ዝቅ የሚያደርገው በ0.2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በረዶ ግን ከዜሮ በታች 10 ወይም 20 ዲግሪ ሆኖም ያንሸራትታል።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ1850 የበረዶ ገጽ ከመቅለጫው ነጥብ በታችም ሆኖ እጅግ ስስ የሆነ የፈሳሽ ሽፋን እንዳለው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዛሬ በገጹ ላይ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች ከውስጠኞቹ ይልቅ ልል ሆነው እንደሚንቀሳቀሱ ይታወቃል። ስለቱ ሲፋተግ የሚፈጠረው ሙቀትም ይጨመርበታል። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ የፖሊመር ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍትጊያው ከሁሉ የሚያንሰው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ አሳይተዋል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ በረዶው ስለሚለሰልስ ስለቱ በላዩ መንሸራተቱን ትቶ ማረስ ይጀምራል።

የሆኪ በረዶ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ ላይ ይጠበቃል። በውዝዋዜ መልክ ለሚንሸራተቱት ስፖርተኞች ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዲግሪ ይመረጣል፤ ከዝላይ ሲያርፉ ስለታቸው የሚነክሰው ለስላሳ ገጽ ይፈልጋሉና። ቀን የውዝዋዜ ልምምድ፣ ማታ የወጣቶች ሆኪ የሚካሄድበት የአንድ ከተማ አዳራሽ ሁለቱን ሊያስደስት አይችልም። ኮንክሪቱን በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሁለትና በሦስት ዲግሪ ማቀዝቀዝም ቀላል አይደለም።

አሠራሩ

በአዳራሹ ወለል ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ በኮንክሪት ተቀብሮ ይገኛል። በቧንቧው ውስጥ በዜሮ ዲግሪ የማይረጋ ፈሳሽ፣ ማለትም የጨው ውሃ ወይም ግላይኮል፣ ይዘዋወራል። ፈሳሹን የሚያቀዘቅዘው በአሞኒያ ወይም በሌላ ጋዝ የሚሠራ፣ ከቤት ማቀዝቀዣ ጋር አንድ ዓይነት መርሕ ያለው ትልቅ መሣሪያ ነው። ኮንክሪቱ ሲቀዘቅዝ ውሃ በስሱ እየተደራረበ ይረጫል። መጀመሪያ ከተረጩት ንብርብሮች በኋላ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ቀይና ሰማያዊ መስመሮቹም ይሰመራሉ፤ ከዚያ በላያቸው ሌላ ውሃ ይረጫል። ተመልካቹ የሚያየው ነጭነት የበረዶው ሳይሆን የቀለሙ ነው።

በየእረፍቱ ሜዳውን የሚያድሰው ተሽከርካሪ በፈልሳፊው ስም ዛምቦኒ ይባላል። ፍራንክ ዛምቦኒ በካሊፎርኒያ ፓራማውንት ከተማ የመንሸራተቻ ሜዳ ነበረው። በዚያን ጊዜ በረዶውን በእጅ ፋቅ አድርጎ፣ አጥቦና ውሃ ረጭቶ መጨረስ ብዙ ሠራተኛና ከአንድ ሰዓት በላይ ጊዜ ይጠይቅ ነበር። በ1949 የሠራው መኪና ይህን ወደ ደቂቃዎች አወረደው። መኪናው የተጎዳውን ገጽ በሰፊ ምላጭ ይልጣል፣ ልጣጩን ይሰበስባል፣ ስንጥቁን ያጥባል፣ በመጨረሻም ሙቅ ውሃ በጨርቅ ያሰራጫል።

ውሃው ሙቅ መሆኑ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር ነው። ሙቅ ውሃ በውስጡ የሚሟሟው አየር ትንሽ ስለሆነ አረፋ የሌለበት ጠንካራ በረዶ ይሆናል፤ የታችኛውንም ገጽ በመጠኑ አቅልጦ ይጣበቅበታል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። 400 ሊትር የ60 ዲግሪ ውሃ በሜዳው ላይ ሲሰራጭ ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም ወደ በረዶ እስኪለወጥ ድረስ 65 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መነጠቅ አለበት። ያ ሁሉ የሚሆነው ቡድኖቹ ከመልበሻ ክፍል እስኪመለሱ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ኮንክሪቱ በቂ ቅዝቃዜ ካላጠራቀመ ወይም ኮምፕሬሰሩ ከደከመ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የሚጀመረው ገና ባልደረቀ ሜዳ ላይ ነው።

ምን ያበላሸዋል?

የመጀመሪያው ጠላት ከላይ የሚመጣ ሙቀት ነው፤ መብራት፣ ጣሪያ፣ የተመልካች ትንፋሽና ገላ ሁሉ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው እርጥበት ነው። እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ገጽ ሲነካ በላዩ ውርጭ ይጥልበታል፤ ፓኩም ይዘገያል። እርጥበቱ ከበዛ አየሩ ራሱ ወደ ጉም ይለወጣል። ስለዚህ ደህና አዳራሽ ከማቀዝቀዣው ሌላ እርጥበት የሚመጥ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ባረጁ አዳራሾች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይኸው ነው። በሆኪ ወቅት መጀመሪያና መጨረሻ፣ ውጭው ገና ወይም ቀድሞ በሚሞቅበት ጊዜ፣ ችግሩ ይበረታል።

ለተጫዋቹ አደጋው እግር ላይ ነው። በለሰለሰ በረዶ ስለቱ ቦይ ያበጃል፤ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ተጫዋች ስለቱ በቦዩ ከተያዘ ገላው ሲዞር እግሩ ይቀራል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጎዱት እንዲህ ነው።

ከዚህ የከፋው አደጋ ከሜዳው ጀርባ፣ በማሽን ክፍሉ ውስጥ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 2017 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በፈርኒ ከተማ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ አሞኒያ አፈትልኮ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። የሚያቀዘቅዘው ክፍል አርጅቶ ነበር፤ በቧንቧው ላይ በተፈጠረች ትንሽ ቀዳዳ አሞኒያው ወደ ጨው ውሃው ገብቶ ነበር። መሣሪያው እንዲለወጥ ከዓመታት በፊት ቢመከርም መለወጡ ተላልፎ ቆይቷል። አዳራሹ ሲዘጋ የከተማዋ የወጣቶች ቡድን ፈርኒ ጎስትራይደርስም ሜዳውን አጣ። የወጣቶች ጨዋታ «በበረዶው ምክንያት ተሰረዘ» ሲባል እንደ ቀልድ የሚወስዱት አሉ፤ ነገር ግን ኮምፕሬሰሩን ለማጥፋት የሚወስን ሠራተኛ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛውን ሥራ እየሠራ ነው።

የዳኞች ሥልጣን

ትንሽ ጉድጓድ ሲገኝ ዳኞቹ ራሳቸው ከበረዶ ብናኝና ከውሃ ጭቃ የመሰለ ድብልቅ ሠርተው ይደፍኑታል፤ ቶሎ እንዲረጋም አንዳንዴ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ይረጩበታል። ጉዳቱ ትልቅ ከሆነ ጨዋታው ይቆማል። በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ደንብ መሠረት፣ አንደኛው ወይም ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው ያልተለመደ መዘግየት ቢገጥም፣ ዳኛው እረፍቱ ወዲያው እንዲወሰድ ማዘዝ ይችላል። ሲመለሱ የቀሩትን ደቂቃዎች በዚያው አቅጣጫ ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ጎል ተቀያይረው ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ያለ እረፍት ይጀምራሉ።

የታወቁ ጨዋታዎች

ግንቦት 20 ቀን 1975 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የተደረገው የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ሦስተኛ ጨዋታ «የጉም ጨዋታ» በመባል ይታወቃል። አዳራሹ የአየር ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ ቀኑም ሞቃት ነበር። ከበረዶው በላይ የተነሳው ጉም ፓኩን እስኪሰውር ድረስ ወፈረ። ተጫዋቾቹ ጉሙን ለመበተን በሜዳው ዙሪያ ይንሸራተቱ ነበር፤ ሠራተኞችም አንሶላ እያራገቡ ረዷቸው። ቡፋሎ ሳቤርስ ፊላደልፊያ ፍላየርስን በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ሲያሸንፍ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው ረኔ ሮቤር ነው።

በወጣቶች ሆኪ ከሁሉ የሚጠቀሰው ጨዋታ የተካሄደውም በዚያው አካባቢ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 በቡፋሎ አቅራቢያ በኦርቻርድ ፓርክ የአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየም፣ አሜሪካና ካናዳ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና የምድብ ጨዋታቸውን ተጫወቱ። በውድድሩ ታሪክ ጣሪያ በሌለው ቦታ የተደረገ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር፤ የተገኘው 44,592 ተመልካችም ለውድድሩ ክብረ ወሰን ሆነ። አየሩ ቀዝቃዛ ስለነበር በረዶው አልቀለጠም። ችግሩ ያለማቋረጥ የወረደው አመዳይ ነበር። ሠራተኞች አካፋ ይዘው እየገቡ ይጠርጉ፣ ሲወጡ ደግሞ ሜዳው መልሶ ይነጣ ነበር። አመዳይ በተከመረበት ሜዳ ፓክ እንደ ወትሮው አይንሸራተትም፤ ረጅም ቅብብል መንገድ ላይ ይቀራል፤ እየገፉ መሮጥም ፓኩን ጥሎ እንደ መሄድ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ፈጣንና ቴክኒክ ያለው ቡድን ብልጫውን ያጣል። ካናዳ 3 ለ 1 ስትመራ ቆይታ አሜሪካ አቻ ሆነች፤ በመለያ ምትም 4 ለ 3 አሸነፈች። ሽንፈቱ ካናዳን ብዙ አልጎዳም፤ ጥር 5 ቀን 2018 ስዊድንን 3 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሆኖም ለወደፊት ሥራቸው በመልማዮች ዓይን ሥር ለሚጫወቱ ወጣቶች፣ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ መመዘን ፍትሐዊ መሆኑ ሊያጠያይቅ ይችላል።

በዚያው ስታዲየም ጥር 1 ቀን 2008 ፒትስበርግና ቡፋሎ በ71,217 ተመልካች ፊት ሲጫወቱም አመዳይ ይወርድ ነበር፤ በረዶውን ለመጠገንም በተደጋጋሚ ቆሟል። ንፋሱና አመዳዩ አንዱን ቡድን ብቻ እንዳይጎዳ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አጋማሽ ላይ ጎል ተቀያይረዋል።

ቅዝቃዜ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው ደግሞ የካቲት 20 ቀን 2021 በኔቫዳ ግዛት በታሆ ሐይቅ ዳር የተደረገው የኮሎራዶና የቬጋስ ጨዋታ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ የጀመረው ጨዋታ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አላለፈም። የፀሐይ ጨረር በበረዶው ውስጥ አልፎ ከሥሩ ያለውን ቀለም ያሞቃል፤ ከነጩ ይልቅ ጠቆር ያሉት መስመሮች ይበልጥ ይግላሉ። ተጫዋቾችም ዳኞችም ይደናቀፉ ጀመር። ከስምንት ሰዓት በላይ ከተጠበቀ በኋላ ጨዋታው በምሽት ቀጥሎ ኮሎራዶ 3 ለ 2 አሸነፈ። የማግስቱም ጨዋታ ወደ ምሽት ተዛወረ።

ከተፈጥሮ በረዶ ወደ ማሽን

በአዳራሽ ውስጥ ተደራጅቶ የተካሄደ የመጀመሪያው የሆኪ ጨዋታ መጋቢት 3 ቀን 1875 በሞንትሪያል ቪክቶሪያ የመንሸራተቻ አዳራሽ የተደረገው ነው ይባላል። አዳራሹ ጣሪያ እንጂ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ አየሩ ከሞቀ ጨዋታ የለም። በዓመቱ ጆን ጋምጂ በለንደን በማሽን የሚቀዘቅዝ ሜዳ ከፈተ። በካናዳ ግን እንዲህ ያለ ሜዳ የተሠራው በ1911 ሲሆን፣ የገነቡትም የፓትሪክ ወንድማማቾች በቪክቶሪያና በቫንኩቨር ከተሞች ነበሩ። ሁለቱም ከተሞች ያሉት የካናዳ ቀዝቃዛ ወራት እጅግ ለዘብ በሚልበት የምዕራብ ጠረፍ ነው።

የተፈጥሮ በረዶ አሁንም አልጠፋም። ብዙ የካናዳ ልጆች መንሸራተት የሚለምዱት በጓሮ ወይም በቦይ ላይ ነው። በኦታዋ የሚገኘው የሪዶ ቦይ ሜዳ በ2022–23 ወቅት በረዶው በቂ ውፍረት ባለማግኘቱ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከፈት ቀረ። በኦንታሪዮ የዊልፍሪድ ሎሪየር ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ተመራማሪዎች በ2013 ሪንክዋች የተባለ ፕሮጀክት ጀምረዋል፤ በዚህም ቤተሰቦች የጓሯቸው በረዶ በዕለቱ ለመንሸራተት ይበቃ እንደሆነ እየመዘገቡ ይልካሉ።