ያለ ወለድ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር

ኢስላማዊ ማይክሮ ፋይናንስ ባንክ የሚጠይቀው ማስያዣ የሌላቸውን ድሆች በወለድ አልባ ብድር፣ በዱቤ ሽያጭ ወይም በሽርክና የሚያቋቁም አሠራር ነው። መሠረቱ ሪባን፣ ማለትም ወለድን፣ የሚከለክለው የእስልምና ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ማበደር ብቻውን ትርፍ አያስገኝም፤ ትርፍ የሚገባው ዕቃ ገዝቶ ለሸጠ ወይም ኪሳራውንም ሊካፈል ለቆረጠ ነው። ወለድ ስለቀረ ግን ወጪ አይቀርም። ሠራተኛው ደመወዝ፣ ቢሮው ኪራይ ይፈልጋል፤ ወስዶ የማይመልስም አይጠፋም። አሠራሮቹ የሚለያዩት ይህን ወጪ በማን ትከሻ ላይ እንደሚጥሉት ነው።

በብዛት የሚሠራበት ሙራባሃ ሲሆን፣ ወጪው በገዢው ላይ ያርፋል። ለምሳሌ አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ብትፈልግ ጥሬ ገንዘብ አይሰጣትም። ተቋሙ ራሱ መኪናውን በ20,000 ብር ይገዛና፣ የገዛበትንና የጨመረውን ሳይደብቅ በ23,000 ብር በዱቤ ይሸጥላታል። በወር 2,300 ብር እየከፈለች በ10 ወር ትጨርሳለች። ሽያጩ የሚጸናው መኪናው አስቀድሞ የተቋሙ ንብረት ከሆነ ነው፤ ለእሷ ሳይሸጥ ቢሰበር ኪሳራው የተቋሙ ነው። ክፍያ ቢዘገይም ዋጋው አይጨምርም። አቅም እያለው በሚያጓትት ላይ ቅጣት የሚጥሉ ተቋማት አሉ፤ ገንዘቡ ግን ለምጽዋት ይውላል እንጂ ትርፍ ሆኖ አይመዘገብም።

3,000 ብሩ ስሙን የለወጠ ወለድ ነው የሚሉ ተቺዎች ጥቂት አይደሉም። ግዢው ወረቀት ላይ ብቻ በሚያልቅበት ቦታ እውነታቸውን ነው፤ ዕቃው በእርግጥ በተቋሙ እጅ ሲያልፍ ግን ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

ሙዳራባና ሙሻረካ ለመርሁ ይበልጥ ይቀርባሉ። በሙዳራባ አንዱ ገንዘብ ሌላው ጉልበት ያዋጣል፤ በሙሻረካ ሁለቱም ገንዘብ ያወጣሉ፤ ትርፉንም ቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ሆኖም የጉሊት ነጋዴ መዝገብ አይዝም፤ የዕለት ትርፉን ለማወቅ የሚወጣው ወጪ ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል። በድሆች ብድር ውስጥ ብርቅ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ቀርድ ሀሰን ተበዳሪው የወሰደውን ያህል ብቻ የሚመልስበት ብድር ነው፤ ወጪውን የሚሸከሙት ለጋሾች ናቸው። ትልቁ ምሳሌ በፓኪስታን ያለው አኹወት ነው። ዶክተር ሙሐመድ አምጃድ ሳቂብ እ.ኤ.አ. በ2001 ላሆር ከተማ ላይ ሲመሠርቱት የመጀመሪያው ብድር ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት የተሰጠ 10,000 ሩፒ ነበር። ስሙ ወንድማማችነት ማለት ሲሆን፣ ከመካ ተሰደው የመጡትን ሙሃጂሮች የመዲና ሰዎች እንደ ወንድም ተቀብለው ሀብታቸውን ያካፈሉበትን ታሪክ ያስታውሳል። ብድሩ የሚሰጠው በመስጊድ፣ አንዳንዴም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ይህም የአዳራሽ ወጪ ያስቀራል፤ ተበዳሪውም ጎረቤቶቹ እያዩ በእምነት ቤት የወሰደውን ገንዘብ ማስቀረት ይከብደዋል። ተቋሙ ከ99 በመቶ በላይ ብድሩ እንደሚመለስለት ይገልጻል። መሥራቹ በ2021 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት አግኝተዋል። ሥራው ከከተማ ሰፈር አልፎ አገር ያዳረሰው ግን በልግስና ብቻ አይደለም፤ የፑንጃብ ክፍለ ሀገር መንግሥት ገንዘብ ታክሎበት ነው።

የዕለት ጉርስ የሌለውን ሰው ብድር፣ ወለድ ባይኖረውም፣ ዕዳ ውስጥ ይከተዋል። ለእሱ የታሰበው የማይመለሰው ዘካ ነው፤ ሀብት ያለው ሙስሊም ከገንዘቡ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ያወጣል።

በኢትዮጵያ ያለ ወለድ ገንዘብ ማሰባሰብ በዕቁብ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት የተቋቋመውና በሶማሌ ክልል ከወለድ ነጻ ሲሠራ የቆየው ሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ኋላ አድጎ ሸበሌ ባንክ ሆኗል።