«አገሩ ቆላ ነው፣ ቴርሞስታቱን አውጣው»፦ ስለ አሮጌ ቅንጡ መኪና ተረትና እውነታ

በኬንያዋ ሞያሌ አሮጌ መርሴዲስ ወይም ሬንጅ ሮቨር የያዘ ሰው መለዋወጫ ሊያጣ ይችላል እንጂ ምክር አያጣም። ናይሮቢም አዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ስለዚህ መኪናው የሚጠገነው በባለቤቱ እጅ፣ በሰፈር መካኒክና ከሾፌር ወደ ሾፌር በሚተላለፍ ወሬ ነው። በገዛ እጅ መጠገንን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ የእነዚህ መኪኖች አብዛኛው ሥራ ትዕግሥትና ንጽሕና ነው የሚፈልገው። የምጣላው ከወሬው ጋር ነው፤ በተለይ «ምን ያደርግልሃል፣ ንቀለውና ጣለው» ከሚለው ጋር።

የዚህ ምክር የመጀመሪያ ተጠቂ ቴርሞስታት ነው። «ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፣ እዚህ ሞተር ከማፈን በቀር ሥራ የለውም» ይባላል። እውነታው ሌላ ነው። በብዙ የመርሴዲስና የቶዮታ ሞተሮች ላይ ይህ ትንሽ ዕቃ ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ በአንድ በኩል ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው ዝርግ ክዳን ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። ጠዋት በሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ሰው ሞልቶ፣ ኤሲ ተከፍቶ የማርሳቢትን ዳገት ሲይዝ ግን የሙቀት መርፌው ይወጣል። ከዚያ ተራው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ወጪውም ከአዲስ ቴርሞስታት ጋር አይወዳደርም። በቀዝቃዛው ሰዓት ደግሞ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ስለማያገኝ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

ቴርሞስታቱ መሞቱን ማረጋገጥ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጀርባው ላይ የሙቀት ቁጥር ተቀርጾበታል፤ በብዙ አሮጌ መርሴዲሶች 87 ነው። በክር አንጠልጥሎ፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ አድርጎ ውሃ ውስጥ መክተትና ከቴርሞሜትር ጋር ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። ቁጥሩ አካባቢ ሲደርስ ክዳኑ መላቀቅ መጀመር አለበት። ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ባይታይ አያስደንግጥ። ፈጽሞ ካልተነቃነቀ፣ ወይም ቀዝቅዞም ክፍቱን ከቀረ፣ ያኔ ይጣል፤ በቦታው ግን አዲስ ይግባ።

ታዲያ ሞተሩን ምን እያጋለው ነው? ብዙ ጊዜ የዲዳ ጋልጋሉ በረሃ አቧራና ነፍሳት የደፈኑት ራዲያተር ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ ማጠብ ይበቃዋል፤ ኃይለኛ ግፊት ቅጠሎቹን ያጣምማል። ሁለተኛው ማንም የማይጠረጥረው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደኅና ክዳን አንድ ባር ገደማ ግፊት ይዞ የውሃውን የመፍላት ነጥብ ከ96 ወደ 115 እና ከዚያ በላይ ያወጣዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ያቃጥላል፤ ይህን ደጋግሞ መናገር አይሰለቸኝም።

«በረዶ በሌለበት ኩላንት ምን ያደርጋል፣ ውሃ ይበቃል» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። ኩላንት የመፍላት ነጥብን ከፍ ከማድረጉም በላይ የአሉሚኒየም ቴስታታውን ከመበላት ይጠብቃል። የሰሜን ኬንያ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ቅርፊት ይሠራል። ኩላንቱን በተጣራ የባትሪ ውሃ መበጥበጥ ነው።

ዲናሞ መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የሚነቅሉ አሉ። በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ምንም ላይደርስ ይችላል። ኮምፒውተር በበዛበት መኪና ላይ ግን ገመዱ ሲላቀቅ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ ውድ ሳጥን ሊያቃጥል ይችላል። ተራ መለኪያ ይበቃል፦ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5።

ስካነርም የራሱ ተረት አለው፤ «ማሽኑ የተበላሸውን ዕቃ ይናገራል» ይባላል። ማሽኑ የሚናገረው ምልክቱን ነው። ፒ0171 ሲያነብ አየሩ ከነዳጁ በዝቷል ማለቱ ነው። ሰው ግን ሮጦ የኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል፤ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በሙቀት ተሰንጥቆ አየር የሚስብ የጎማ ቱቦ ነው፣ ሞተሩ ሲሠራ ጆሮ ሰጥቶ ፉጨቱን የሰማ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የተሠሩ መርሴዲሶች ደግሞ የሞተር ሽቦዎቻቸው ሽፋን በሙቀት እየተፈረፈረ ይራቆታል። ሴንሰር ከመቀየር በፊት ሽቦውን በጣት አጠፍ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

«የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፣ ከነካኸው ይሞታል» የሚለው ወሬ መነሻው ራሳቸው አምራቾቹ ናቸው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በስፋት የገጠመውን ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ መጀመሪያ ዘይቱ የማይቀየር ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን በ60,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር አዘዘ። ለቢኤምደብሊውና ለሌሎች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍም ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። ከቀየሩ በኋላ የዘይቱ ልክ የሚታየው ዘይቱ በታዘዘው ሙቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ በቀዝቃዛው የለካ አሳስቶ ይሞላል።

በሙቀት ጎማ ማስተንፈስ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኛል። «አስፋልቱ ይግላል፣ ይፈነዳብሃል፣ ትንሽ ቀንስ» ይላሉ። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ ታስቦበት የተሠራ ነው። አየሩ የተቀነሰበት ጎማ ይለጠጣል፣ ይበልጥ ይሞቃል፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው። መለካት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞችም ይታዩ፦ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ለዓመታት የተኛ መጠባበቂያ ጎማም ያረጃል።

መለዋወጫ ላይ ሞያሌ የራሷ ጣጣ አላት። በኬንያ መሪው በቀኝ ነው፣ በኢትዮጵያ በግራ። ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላና አብዛኛው ሴንሰር ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ከናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድም ቢመጣ ያው ነው። የመሪ ሳጥን፣ የዝናብ መጥረጊያ ዘንጎችና የፊት መብራት ግን ይለያያሉ። የግራ መሪ መብራት ኬንያ ላይ ቢገጠም ብርሃኑ በተቃራኒ የሚመጣውን ያሳውራል። ብር ከመላክ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን መስጠት ነው።

በራስ እጅ የማይነካም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 የተሠራው የኢ ክላስ መርሴዲስ ፍሬን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሠራል፤ በሩ ሲከፈት እንኳ ራሱን ሊቀሰቅስና ሸራ የሚቀይረውን ሰው ጣት ሊቀጠቅጥ ይችላል። በስካነር ሳይጠፋ ሸራው አይፈታም። በአየር የሚቆም መኪና ሥርም ክሪክን ብቻ አምኖ አይገባም፤ አየሩ ድንገት ሲወጣ አካሉ ይወርዳል። ካቫሌቶ የሌለው ሰው ሥራውን ለነገ ያቆየው።