«ግቢ ከገባ አለፈለት»፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት የሚወራውና እውነታው

አንድ የአዊ ዞኗ የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ውጤት አመጣ ሲባል ወሬው ከገበያተኛ ጋር እስከ አንከሻ ገጠር ቀበሌዎች ይዘልቃል። ደስታው ተገቢ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። በአማራ ክልል በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨምሮበታል። ከ2015 ክረምት ወዲህ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ዕድሜያቸው እየገፋ መጽሐፍ ዘግተው የተቀመጡ ልጆችም ብዙ ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ያለፈ ልጅ የልፋቱን ዋጋ አግኝቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከመሸኛው ምርቃት ጋር ተያይዞ ለልጁ የሚነገረው ነው። ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም፣ ቀድመው ግቢ የገቡትም በቅንነት የሚነግሩት ነገር አለ። ልጁ አምኖት ይሄዳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እሱ ብቻ ነው።

«ግቢ ከገባ አለፈለት»

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የገባም ሲመረቅ ሥራው ይጠብቀው ነበር። እምነቱ የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ መግባትና መመረቅም ተለያይተዋል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና የመሳሰሉትን ይማራል። ብዙዎች ይህን ዓመት «ማሟሟቂያ» ይሉታል። ውጤቱ ግን እስከ መጨረሻው ይከተላል። አሠራሩን በቁጥር እንየው። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነው፤ ኤፍ ዜሮ ነው። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ አምስት ኮርሶች የወሰደ ተማሪ ሁለት ቢ፣ ሁለት ሲና አንድ ዲ ቢያመጣ አማካዩ 2.2 ይሆናል። ያ ዲ ወደ ኤፍ ቢወርድ 2.0 ላይ ይቆማል። ከሁለቱ ሲዎች አንዱ ደግሞ ዲ ቢሆን 1.8 ይሆናል። ለመመረቅ የሚፈለገው ቢያንስ 2.00 ነው። ከዚያ የወረደ እንደ ዩኒቨርሲቲው ሕግ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል ወይም ይሰናበታል። በመካከለኛ ተማሪና በተሰናባች መካከል ያለው ርቀት የሁለት ኮርስ ስንፍና ነው። አንድ ልጅ ይህን ስሌት በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ላይ ቢሠራው ብዙ ምክር አያሻውም።

ቀሪው ደግሞ የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ኮርሱን ሁሉ ቢጨርስም በኮምፒዩተር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናው ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ትምህርት ጭምር ይመጣል፤ ስለዚህ ለፈተና ብቻ አጥንቶ በማግስቱ መርሳት የትም አያደርስም። ስልክ መነካካት የለመደ ልጅ የኮምፒዩተር ፈተናውን አይፈራም ማለት ደግሞ አይደለም፤ ግቢ እንደገቡ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባሉት ኮምፒዩተሮች እጅን ማለማመድ ይጠቅማል።

በአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ፕሮግራም የሚገቡትን «የወደቁ» የሚል ሰው አለ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሪሜዲያሉን ምዘና ያለፈ ተማሪ ፍሬሽማን ክፍል ውስጥ ከሌላው ጋር እኩል ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚለያቸው የሚያመጡት ግሬድ ነው።

«መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ትምህርት የለም»

ይህን የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ሲኒየሮች ናቸው። ቤተሰብም ይወደዋል፤ የዩኒቨርሲቲው ጥሪ በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ሲመጣ አንድ እጅ መጉደሉ ይከብዳል። ጥር ላይ ከሆነ ደግሞ የጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሳያልፍ መሄድ ያሳዝናል። እውነታው ግን ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ የሚሰበሰበው በተከታታይ ምዘና መሆኑ ነው፤ በኩዊዝ፣ በአሳይመንት፣ በሚድ። መምህሩ የኮርሱን ዕቅድ የሚሰጠውም፣ የቡድን ሥራ የሚከፋፈለውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ዘግይቶ የደረሰ ተማሪ የሚያውቀው ሰው በሌለበት የተረፈው ቡድን ውስጥ ይገባል። ከዚህም ሌላ የምዝገባ ቀን ሲያልፍ ቅጣት ያለበት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለዓመቱ ጨርሶ የማይቀበልም አለ። አባት አንድ ሳምንት የቀን ሠራተኛ ቢቀጥሩ ይሻላል።

«እንግሊዝኛው እዚያ ሲደርሱ ይለመዳል»

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ሲሉ ብዙው ልጅ አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ በታችኞቹ ክፍሎችም በአዊኛ ተምሯል። አማርኛን ቀጥሎ ያዘ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ነገሩ እንዲገባ ብሎ በአማርኛ ያስረዳል። ስለዚህ ልጁ እንግሊዝኛን ያያል እንጂ አይሰማም፣ አይናገርም። ግቢ ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጠው ከወለጋ የመጣ ነው፣ መምህሩ ከወላይታ ነው፤ ማብራሪያው በአማርኛ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ልጁ ፊዚክሱን ያውቀዋል፤ የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ግን አይገባውም።

ይህ በአንድ ሴሚስተር አይለመድም፤ ያን ጊዜ ግሬዱ ተሰጥቷል። የሚለመደው አሁን፣ እዚሁ ነው። በቀን አንድ ገጽ ከራሱ ከባዮሎጂው ወይም ከታሪኩ መጽሐፍ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መጻፍ። ሁለት ጓደኛሞች ተገናኝተው አንዱ ለአንዱ በእንግሊዝኛ ማስረዳት። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በሁለት ቋንቋ ያደገ ልጅ ሦስተኛውን ለመያዝ ከማንም አያንስም። አዊኛ ተናጋሪ መሆኑን ወይም የአማርኛ አነጋገሩን በዶርም ልጆች ፊት እያፈረበት ዝም የሚል ተማሪ ክፍል ውስጥም እጁን አያወጣም፤ ጥያቄ ያልጠየቀ ደግሞ ሳይገባው ይቀራል። ወላጆች ልጃቸውን ሲመርቁ «በቋንቋህ አትፈር» ቢሉት ትልቅ ስንቅ ነው።

«ጎበዝ ከሆነ ሕክምና፣ ካልሆነ ኢንጂነሪንግ»

የትምህርት ክፍል የሚደለደለው ከፍሬሽማን በኋላ፣ በተማሪው ምርጫ፣ በውጤቱና በክፍሎቹ የመቀበል አቅም ነው። ሳይወደው ለቤተሰብ ስም ሲል የገባ ተማሪ አራትና አምስት ዓመት ከማይወደው ነገር ጋር ይታገላል። ደግሞም አካባቢያችንን እንመልከት። የአዊ አፈር አሲዳማ እየሆነ የገብሱ ምርት ይቀንሳል፤ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከሰል እየሆነ ስንቱን ቤት የለወጠው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በቅርብ ዓመታት በሽታ መትቶት ገበሬው ግራ ተጋብቷል። የዕፅዋት ሳይንስ፣ የአፈር፣ የደን ትምህርት የተማረ ሰው እዚህ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ማሳ ወርዶ ማየት ይበቃል። እነዚህን ትምህርቶች «የቀረለት ልጅ መሄጃ» ማለት ከባድ በደል ይመስለኛል።

«እንጅባራ ጎረቤት ነው፣ ምን ዩኒቨርሲቲ ነው!»

በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ነው። የፍሬሽማን ኮርሶቹ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጁ ናቸው፤ የመውጫ ፈተናውም ባሕር ዳር ወይም ጅማ ላይ ከሚሰጠው ጋር አንድ ነው። የቅርቡ ለደረሰው አደጋው ሌላ ነው፤ በየሳምንቱ ቤት መመላለስ። ቅዳሜና እሑድ ካላጠኑበት የሚተካ ቀን የለም።

«ሁሉን መንግሥት ይችላል»

በከፊል ብቻ እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ይፈርማል። የሚፈርሙትን አንብቡት፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። ከዚህ ውጭ ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ ከተማሪው ኪስ ነው። ቤተሰብ በወር ምን ያህል መላክ እንደሚችል ከመሄዱ በፊት ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ቢነጋገር ልጁ በመሃል አይቸገርም፤ ለመዋሸትም አይገደድም።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ? የጥሪ ማስታወቂያዎች የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ዋናው ሰነድ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ አይግባ። ጋቢ ለእንጅባራ ብርድ ግድ ነው፤ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለደረሰው ግን ቀላል ልብስና አጎበር ይበልጥበታል። ደጋ ያደገ ልጅ ወባን የመቋቋም አቅም የለውም፤ ቆላ ደርሶ ካተኮሰው «ድካም ነው» ብሎ ሳይተኛ በዚያው ቀን ወደ ግቢው ክሊኒክ መሄድ አለበት።

«ሴት ልጅ ሩቅ ከሄደች ትበላሻለች»

ይህ አባባል ስንት ጎበዝ ልጅ እንዳስቀረ የምናውቀው ነው። የሴት ልጅ ሥጋት የለም አልልም፤ ትንኮሳ አለ፣ ገንዘብ አጥሯት የምትቸገር አለች። ግን መፍትሔው ማስቀረት አይደለም፤ ለሥጋቱ አዘጋጅቶ መላክ ነው። ሴቶች የሚኖሩት ለብቻቸው በተለየ ሕንጻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ወይም የሴቶች ጉዳይ ቢሮ አላቸው፤ ማጠናከሪያ ትምህርት ያመቻቻል፣ የተቸገሩትን ይረዳል፣ የትንኮሳ አቤቱታ ይቀበላል። ቢሮው ከየትኛው ሕንጻ እንዳለ በመጀመሪያው ሳምንት ሄዳ ትየው። ከአካባቢዋ የሚሄዱ ልጆችን ፈልጋ አብራ ትጓዝ፤ ቀን ላይ እንድትደርስ ጉዞውን አስቡ፤ ዩኒቨርሲቲዎች በቅበላ ቀናት ብዙ ጊዜ ከመናኸሪያ ተማሪ የሚቀበል አውቶቡስ ይመድባሉ። ከሁሉ በላይ እናት ወይም አባት «ምንም ቢደርስብሽ ለእኛ ንገሪን፤ አንቆጣሽም» ይበሏት፤ ያሉትንም ይፈጽሙት። የተቸገረች ልጅ ለቤተሰቧ የማትናገረው ትምህርቷን እንዳያስቆሟት ፈርታ ነው።