ዩሮቪዥን ላይ ሕዝብ የመረጠው ለምን ይሸነፋል? ሂሳቡን አብረን እንሥራው

በ2023 የዩሮቪዥን ፍጻሜ ላይ ቤቱ ሆኖ የሚያየው ተመልካች በብዛት የመረጠው የፊንላንዱን ካሪያን ነበር። ሊቨርፑል አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሕዝብም «ቻ ቻ ቻ» እያለ የሱን ዘፈን ሲጮህ አመሸ። ዋንጫውን ግን የስዊድኗ ሎሪን ይዛ ሄደች።

በ2024ም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ተመልካቹ ክሮኤሺያን አንደኛ አደረገ፣ ያሸነፈችው ስዊዘርላንድ ናት። በ2025 ደግሞ የተመልካቹን ድምፅ እስራኤል መራች፣ ዋንጫው ኦስትሪያ ገባ። ሦስት ዓመት በተከታታይ!

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቲክቶክ እና ኤክስ በዚህ ጭቅጭቅ ይጥለቀለቃሉ። «ተጭበርብሯል» የሚል አለ፣ «ዳኞቹ ይባረሩ» የሚል አለ፣ «ዳኞቹ ባይኖሩ ጉድ ነበር» የሚልም አለ። ማን ልክ ነው ከማለታችን በፊት ግን ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር እንወቅ። የሚገርመው፣ አብዛኛው ሰው የሚጨቃጨቀው ሂሳቡን ሳያውቅ ነው።

(ከመጀመራችን በፊት፦ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ዩሮቪዥን ባጭሩ

ውድድሩ የተጀመረው በ1956 ስዊዘርላንድ ሉጋኖ ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ ሰባት አገሮች ብቻ ነበሩ። የሚያዘጋጀው የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት፣ ባጭሩ ኢቢዩ የሚባለው የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች ማኅበር ነው። አገርን ወክሎ የሚገባው መንግሥት ሳይሆን የኅብረቱ አባል የሆነ ጣቢያ ነው። ይህን ያዙልን፣ ወደ ታች ይጠቅመናል።

አሸናፊው የገንዘብ ሽልማት የለውም። የሚያገኘው የማይክሮፎን ቅርጽ ያለው የመስታወት ዋንጫ ነው፤ በልማዱ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ወደ አገሩ ይሄዳል። ትልቁ ሽልማት ግን ዓለም ስምህን ማወቁ ነው። አባ በ1974 ለስዊድን፣ ሴሊን ዲዮን ደግሞ በ1988 ለስዊዘርላንድ ያሸነፉት እዚሁ መድረክ ላይ ነው። ማነስኪንን በ2021 ዓለም ያወቃቸው በዚሁ ነው።

🔹 12 ነጥብ ከየት ይመጣል?

እያንዳንዱ አገር ለአሥር ዘፈኖች ነጥብ ይሰጣል። አንደኛ ላደረገው 12፣ ለሁለተኛው 10፣ ከዚያ 8፣ 7፣ 6 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ይህ አሰጣጥ ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው። ለራስ አገር ድምፅ መስጠት አይቻልም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ከ2016 ወዲህ እያንዳንዱ አገር በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ነጥብ ይሰጣል። አንዴ በሙዚቃ ባለሙያዎች ዳኝነት፣ አንዴ በስልክ፣ በኤስኤምኤስ እና በኦንላይን በሚመጣ የተመልካች ድምፅ። አንድ አገር በዳኞቹ በኩል 58 ነጥብ፣ በተመልካቾቹ በኩል ሌላ 58 ነጥብ ያከፋፍላል ማለት ነው። ግማሽ በግማሽ።

እኛ አገር በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ሲካሄድ «ዳኛው እንዲህ አለ፣ ሕዝቡ በኤስኤምኤስ እንዲህ አለ» እያልን እንከራከር የለ? ያው ነው። ልዩነቱ እዚህ ከ30 በላይ አገር መሆኑ ነው።

🔹 ታዲያ ሎሪን እንዴት አሸነፈች?

ቁጥሮቹን እንያቸው።

ሎሪን፦ ከዳኞች 340፣ ከተመልካች 243፣ ድምር 583።
ካሪያ፦ ከዳኞች 150፣ ከተመልካች 376፣ ድምር 526።

ካሪያ በተመልካች በኩል ሎሪንን በ133 ነጥብ ይበልጣታል። ሎሪን ደግሞ በዳኞች በኩል በ190 ትበልጠዋለች። 190 ሲቀነስ 133፣ 57። በቃ፣ ዋንጫው በ57 ነጥብ ሄደ። እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም።

ግን ጥያቄው ይቀጥላል፦ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ለምን የዳኞቹ ክብደት የበለጠ መሰለ? መልሱ መስማማት ነው። በ2023 ዳኞቹ ሎሪን ላይ ስለተስማሙ 340 ስትደርስ፣ ከነሱ ዘንድ ሁለተኛ የወጣችው እስራኤል 177 ላይ ቀረች። የአንድ ወገን መራጮች አንድ ዘፈን ላይ ሲሰበሰቡ ያ ዘፈን ጥሎ ይሄዳል፤ የሌላው ወገን አንደኛ ደግሞ ከነሱ ዘንድ ዝቅ ካለ በኋላ መድረስ አይችልም።

ተቃራኒውም ይሆናል። በ2021 ጣሊያን በዳኞች አራተኛ ነበረች፣ ተመልካቹ 318 ነጥብ ሰጥቶ አነሣት። በ2022 ዩክሬን በዳኞች አራተኛ ሆና ከተመልካች 439 ነጥብ አግኝታ አሸነፈች፣ ይህ በተመልካች ድምፅ ክብረ ወሰን ነው። በ2016 ደግሞ ዳኞቹ አውስትራሊያን፣ ተመልካቹ ሩሲያን አንደኛ ሲያደርጉ፣ በሁለቱም በኩል ሁለተኛ የሆነችው ዩክሬን በድምር አሸነፈች። የማንም አንደኛ ሳትሆን ዋንጫ ወሰደች!

ስለዚህ «ሁሌ ዳኞች ናቸው የሚወስኑት» የሚለው ትክክል አይደለም። ከ2021 እስከ 2025 ባሉት አምስት ዓመታት ሦስቴ የዳኞች አንደኛ፣ ሁለቴ የተመልካች አንደኛ አሸንፏል።

🔹 «የሕዝብ ድምፅ» ሲባል የማን ድምፅ ነው?

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡን፣ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው።

አንድ አገር ውስጥ 100 ሰው መረጠ እንበል። ፍጻሜ ላይ 25 ዘፈን አለ። 15ቱ ሰዎች ተነጋግረው አንድ ዘፈን መረጡ። የቀሩት 85 ሰዎች በ24 ዘፈን ላይ ተበታተኑ፣ ከነሱ ትልቁ 10 ድምፅ አገኘ። የዚያ አገር 12 ነጥብ ለማን ይሄዳል? ለ15ቱ ምርጫ። 85ቱ ሰው ዘፈኑን ባይወደው እንኳ «አልፈልግም» ብሎ የሚጫነው ቁልፍ የለም። በስልክ መምረጥ እንጂ መቃወም አይቻልም።

በዚያ ላይ እስከ 2025 ድረስ አንድ ሰው 20 ጊዜ መምረጥ ይችል ነበር። የጓጓው ሰው ሃያውንም ይጠቀማል፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሚያየው ሰውዬ አንዴ ይልካል ወይም ጭራሽ አይልክም። የስልክ ድምፅ የሚለካው ስንት ሰው ወደደው የሚለውን ብቻ አይደለም። ምን ያህል አጥብቆ ወደደው የሚለውንም ነው።

ዳኞቹ ጋ ደግሞ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ ሁሉንም ዘፈኖች ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ይደረድራል። ግማሾቹ ያበዱለት፣ ግማሾቹ የጠሉት ዘፈን እዚያ ይጎዳል። ሁሉም «ጥሩ ነው» ያለው ዘፈን ይጠቀማል። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩት ጆሯቸው ስለተለያየ ብቻ ሳይሆን የተሰጣቸው መለኪያ ስለተለያየ ጭምር ነው።

🔹 ዳኞቹ ለምን አይወገዱም?

ተሞክሯል። በ1997 አምስት አገሮች ለሙከራ በስልክ አስመረጡ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ አብዛኞቹ ተስፋፋ። ከዚያ ግን ሌላ ቅሬታ መጣ፦ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ውጭ አገር የሚኖር ዳያስፖራ ለትውልድ አገሩ ይመርጣል፣ ዘፈኑ ተረሳ የሚል። በዚህ የተነሣ ከ2009 ጀምሮ ዳኞች ወደ ፍጻሜው ተመለሱ።

ዳኞቹ ደግሞ መላእክት አይደሉም። በ2022 በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ የስድስት አገሮች ዳኞች ነጥብ አሰጣጥ አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ ኢቢዩ ውጤታቸውን ሰርዞ በሌላ ስሌት ተክቶታል። በ2023 የግማሽ ፍጻሜዎቹ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ለተመልካች ተሰጠ።

🔹 2025 ላይ ምን ተፈጠረ?

ኦስትሪያዊው ጄጄ ከዳኞች 258፣ ከተመልካች 178፣ በድምር 436 አግኝቶ አሸነፈ። የእስራኤሏ ዩቫል ራፋኤል ከተመልካች 297፣ ከዳኞች 60፣ በድምር 357 ነጥብ ሁለተኛ ወጣች። ከውድድሩ በኋላ የስፔንን ጨምሮ አንዳንድ ጣቢያዎች የተመልካቹ ድምፅ አሰጣጥ እንዲፈተሽ ጠየቁ። የእስራኤል መንግሥት የማስታወቂያ ክፍል ሰዎች 20 ጊዜ እንዲመርጡ የሚቀሰቅስ ማስታወቂያ በኢንተርኔት አሰራጭቶ እንደነበርም ተዘገበ። ኢቢዩ በበኩሉ ድምፁ በገለልተኛ አካል ተረጋግጧል አለ።

ከላይ ያየነውን የ15 ሰዎች ሂሳብ አስታውሱ። ድምፅ ሳይጭበረበር፣ ሕግ ሳይጣስ፣ ቅስቀሳ ብቻውን ውጤት ሊቀይር ይችላል። ክርክሩ የሞቀውም ለዚህ ነው።

ኢቢዩ በ2025 መጨረሻ ለ2026ቱ የቪየና ውድድር አዲስ ሕግ አወጣ፦

▪️ አንድ ሰው መስጠት የሚችለው ድምፅ ከ20 ወደ 10 ወረደ።
▪️ ዳኞች ወደ ግማሽ ፍጻሜ ተመለሱ።
▪️ የየአገሩ ዳኞች ከ5 ወደ 7 አደጉ፣ ከነሱም ቢያንስ ሁለቱ ከ18 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ይሆናሉ።
▪️ በመንግሥት የተደገፈ ከልክ ያለፈ ቅስቀሳ እንዳይኖር ገደብ ተቀመጠ።

ይህ ግን ሁሉንም አላረካም። እስራኤል በውድድሩ እንድትቀጥል ሲወሰን የስፔን፣ የአየርላንድ፣ የኔዘርላንድስ፣ የስሎቬኒያ እና የአይስላንድ ጣቢያዎች በጋዛው ጦርነት ምክንያት አንሳተፍም ብለው ወጡ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን በመውረሯ ከውድድሩ መታገዷን እያነሡ «ለምን መመዘኛው ተለያየ?» የሚሉ አሉ። «ይህ የጣቢያዎች ውድድር እንጂ የመንግሥታት አይደለም» ብለው የሚመልሱም አሉ። ነጥብ አቆጣጠር ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ ይህ ነው።

🔹 እኛን ምን አገባን?

አንደኛ፣ አማርኛ ለዚህ መድረክ ጫፍ ደርሶ ያውቃል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደችው ኤደን አለነ በ2020 እስራኤልን እንድትወክል ስትመረጥ፣ ዘፈኗ «ፍቅር ልቤ» ይባል ነበር። አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛ እና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ነው። ኮቪድ መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። በሕጉ መሠረት በቀጣዩ ዓመት አዲስ ዘፈን ያስፈልግ ስለነበር «ፍቅር ልቤ» መድረኩን ሳያይ ቀረ። ኤደን በ2021 ሮተርዳም ላይ «ሴት ሚ ፍሪ»ን ዘፍና ፍጻሜ ደረሰች፣ 17ኛ ወጣች። ከ93 ነጥቧ 73ቱ ከዳኞች፣ 20ው ብቻ ከተመልካች ነው። ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ያወጣችው ቀጭን ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ ተዘግቧል። ዳኞች ባይኖሩ የሷ ነጥብ ምን ይመስል እንደነበር እናንተው ገምቱ።

ሁለተኛ፣ ከ2023 ጀምሮ በውድድሩ የማይሳተፉ አገሮች ሰዎችም በኦንላይን መምረጥ ይችላሉ። «የተቀረው ዓለም» የሚባል ምድብ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ለመምረጥ ክፍያ አለው፣ ለዚያ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል፤ ይህ ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ደግሞም ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ፣ ከዋሽንግተን እስከ ሳኦ ፓውሎ የሚመጣው ድምፅ በሙሉ ተደምሮ የአንድ አገር ያህል ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠው። የዓለም ሕዝብ አብላጫው ከሳን ማሪኖ ተመልካች እኩል ይመዘናል ማለት ነው 😄

ሦስተኛ፣ ብዙዎቻችሁ «ኢትዮጵያስ ለምን አትገባም?» ትላላችሁ። ለመሳተፍ የኢቢዩ አባል የሆነ ጣቢያ ያስፈልጋል፣ አባልነቱ ደግሞ «የአውሮፓ የብሮድካስት ክልል» ከሚባለው ቀጠና ጋር የተያያዘ ነው። ቀጠናው ሰሜን አፍሪካን ይጨምራል፣ እኛን ግን አያካትትም። ከአፍሪካ እስካሁን የተሳተፈችው ሞሮኮ ብቻ ናት፣ እሷም አንዴ፣ በ1980። ከዚያ ቀጠና ውጭ ያለችው አውስትራሊያ ከ2015 ጀምሮ የገባችው በልዩ ግብዣ ነው።

🔹 ቀጣዩን ፍጻሜ ስታዩ

ፍጻሜው ብዙ ጊዜ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይዘልቃል። መጀመሪያ የየአገሩ የዳኞች ነጥብ ይነበባል። ያኔ የሚመራውን አይታችሁ «አለቀ» አትበሉ። ይልቅ ሁለት ነገር እዩ፦ መሪው ሁለተኛውን በስንት ይበልጣል? እናንተ የምትጠብቁት የተመልካች ተወዳጅ ደግሞ ከመሪው በስንት ርቋል? ርቀቱ 60 ወይም 70 ከሆነ ሊደረስበት ይችላል። 190 ከሆነ ግን ካሪያን አስታውሱ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ዋንጫው በባለሙያ ይወሰን፣ በስልክ፣ ወይስ እንዳለ ግማሽ በግማሽ ይቀጥል? «ዳኛ» ወይም «ሕዝብ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ፣ ምክንያታችሁንም ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከዩሮቪዥን ወዳጆቻችሁ ጋር የምትጨቃጨቁ ካላችሁም ይህንን ሼር አድርጉላቸው፣ ቢያንስ ሂሳቡን አውቃችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።