የሰኔ ፈተና ምን ይነግረናል? ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመት ማጠቃለያ ፈተናና ምዘና

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ ንግግር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ያለን ሁሉ የሰኔን ፈተና ተፈትነናል፤ ካርድ ተቀብለን ወደ ቤት ሄደናል፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ሰጥተናል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ደግሞ ፈተና አውጥተናል፤ አርመናል፤ ውጤት ሞልተናል። ነገሩን ከመልመዳችን የተነሣ ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳናነሣ ቆይተናል፦ በካርዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ስለ ተማሪው ዕውቀት ምን ያህል እውነት ይናገራል?

መከራከሪያዬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የዓመት ማጠቃለያ ውጤት ሽልማት ወይም ቅጣት ከመሆኑ በፊት መረጃ ነው፤ ለተማሪው፣ ለወላጁና ለቀጣዩ ዓመት መምህር የሚላክ መልእክት ነው። መልእክቱ ከእውነት ሲርቅ ተማሪው ጉድለቱን የሚያውቀው ሊያርመው በማይችልበት ሰዓት ይሆናል። በሀገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚታዩት የምዘና ችግሮች ሁሉ ከባዱ፣ በእኔ እምነት፣ ይህ የእውነት መዘግየት ነው።

ሁለት ሚዛኖች

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጠ፤ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2008 ዓ.ም. የፈተና ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተቋርጦ እንደገና መሰጠቱን እናስታውሳለን፤ ከዚያም በኋላ ኩረጃ የፈተናውን ተአማኒነት ሲሸረሽር ቆይቷል። ተማሪው ከሰፈሩና ከትምህርት ቤቱ ርቆ ሲፈተን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ተመዘገበ።

እነዚህ ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። መጀመሪያ የተፈተኑት ተማሪዎች የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ያዘጋበትንና ብዙ አካባቢዎች በጦርነት የተጎዱበትን ዘመን ያለፉ ናቸው። ከዚህም በላይ «50 በመቶ» የሚለው መለኪያ በራሱ ቋሚ ትርጉም የለውም፤ በከባድ ፈተና የተገኘ 50 እና በቀላል ፈተና የተገኘ 50 አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከግማሽ በታች ያመጣ ሁሉ ምንም አያውቅም የሚል ድምዳሜ ላይ አልደርስም።

ይህን ሁሉ ከግምት አስገብተን እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከእነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ 9ኛን፣ 10ኛንና 11ኛን ክፍል ያለፉት በየትምህርት ቤታቸው የማለፊያ ውጤት አግኝተው ነው። አንድን ተማሪ ሁለት ሚዛኖች መዝነውት ውጤቱ ይህን ያህል ከተራራቀ፣ ከሚዛኖቹ ቢያንስ አንዱ ተዛብቷል ማለት ነው። የአደባባይ ክርክሩ በሀገር አቀፉ ሚዛን ላይ ያተኮረ ነው። እኔ ዛሬ የምመለከተው ሌላኛውን፣ በየትምህርት ቤቱ ያለውን ሚዛን ነው። የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ፣ ተማሪው ከ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያልፈው በዚህ ሚዛን ተመዝኖ ነውና።

የስሌቱ ነገር

በብዙ ትምህርት ቤቶች የአንድ ሴሚስተር ውጤት ከተከታታይ ምዘናና ከማጠቃለያ ፈተና ይደመራል። ክፍፍሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል 60 ለ40 የሆነውን እንውሰድ። ማጠቃለያው አራት አማራጭ ያላቸው 40 የምርጫ ጥያቄዎች ይኑሩት። ደብተሩን ያልገለጠ ተማሪ ሁሉንም በግምት ቢያጠቁር በአማካይ 10 ያገኛል። ይኸው ተማሪ ከቡድን ሥራ፣ ከደብተር አያያዝ፣ ከክፍል ተሳትፎና ከአሳይንመንት 45 ከ60 ይዞ ቢመጣ ድምሩ 55 ይሆናል፤ አለፈ። የማጠቃለያ ፈተናው ስለዚህ ልጅ የተናገረው አንዳች ነገር የለም፤ ካርዱ ግን «ተዛውሯል» ይላል።

ያ 45 ከየት መጣ? መልሱን በመምህሩ ስንፍና ውስጥ የሚፈልግ ሰው የመምህሩን ቀን አላየም። በአምስት ክፍሎች የሚያስተምርና በየክፍሉ 60 ተማሪ ያለው መምህር 300 ተማሪዎች አሉት። ለአንድ የጽሑፍ መልስ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ አንዱን ምዘና ብቻ ለማረም 25 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በቡድን ያሠራል፤ ደብተር ያያል፤ ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ይሰጣል። በዚህ ላይ የአስተዳደሩ ግፊት አለ። የተማሪዎች የመዛወር መጠን የመምህሩና የትምህርት ቤቱ አፈጻጸም መለኪያ በሆነበት ቦታ፣ ብዙ ተማሪ የወደቀበት መምህር ማብራሪያ ይጠየቃል፤ ሁሉንም ያሳለፈውን ግን የሚጠይቀው የለም። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስገነዘበው ይህንኑ ነው፤ አንድ ቁጥር ለውሳኔ መሠረት በሆነ መጠን ለመበላሸት ይጋለጣል፤ ሊለካው የታሰበውንም ሥራ ያበላሻል።

ተከታታይ ምዘና ምን ነበር? ምን ሆነ?

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ሲያስገባ ሐሳቡ ትክክል ነበር። የተማሪ ዕጣ በአንድ ቀን ፈተና እንዳይወሰን፣ ድክመቱም በጊዜ ታውቆ እንዲታረም ነው የታሰበው። ማይክል ስክሪቨን እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ በሁለት የግምገማ ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት አሳየ። አንደኛው ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ለማሻሻል የሚደረግ ነው፤ ገንቢ ምዘና እንበለው። ሁለተኛው ሥራው ካለቀ በኋላ ፍርድ ለመስጠት የሚደረግ፣ ማጠቃለያ ምዘና ነው። ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በርካታ ጥናቶችን መርምረው ገንቢ ምዘና የተማሪዎችን ውጤት በጉልህ እንደሚያሻሽል አሳዩ፤ በተለይ ደከም ላሉት። የገንቢ ምዘና ኃይል ያለው በነጥቡ ላይ ሳይሆን መምህሩና ተማሪው ከምዘናው በኋላ በሚያደርጉት ነገር ላይ ነው።

እኛ ዘንድ የሆነው ምንድን ነው? ገንቢ ምዘናውን ወደ ትንንሽ ማጠቃለያዎች ለወጥነው። እያንዳንዱ መልመጃ 5 ወይም 10 ነጥብ ተለጠፈበት፤ ተደምሮም ወደ ሮስተር ገባ። ስሕተቱ ነጥብ እንደሚያስቀንሰው ያወቀ ተማሪ ስሕተቱን ይደብቃል፤ ከጎረቤቱ ይገለብጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ለማከም የታሰበው ምዘና በሽታን መደበቂያ ሆነ።

በሀገራችን የቆየው የንባብ ቤት ሥርዓት እዚህ ላይ ሊያስተምረን የሚችለው ነገር አለ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ወደ ዳዊት የሚሻገረው ከፊት ያለውን ትምህርት በመምህሩ ፊት አንብቦ ሲያስመሰክር እንጂ ሰኔ ስለደረሰ አልነበረም። ያ ሥርዓት የራሱ ጉድለቶች ነበሩት፤ በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ እንዳለ ልንመልሰውም አንችልም። መርሁ ግን ዛሬ መስፈርት ተኮር ምዘና የምንለው ነው፦ ተማሪው የሚመዘነው በጓደኛው ደረጃ ሳይሆን ሊያውቀው በሚገባው ነገር ነው።

ያለ ተጨማሪ በጀት ምን ማድረግ ይቻላል?

ሰኔ ሲደርስ ትምህርት ቤቶቻችን ፈተናውን ለመጠበቅ ብዙ ይደክማሉ። የ9ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን በአንድ ዴስክ አቀላቅለው ያስቀምጣሉ፤ ፈታኞችን ይመድባሉ፤ አጤሬራ ይፈትሻሉ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የምንጠብቀው ወረቀት ራሱ ደካማ ከሆነ ጥበቃው ትርጉም ያጣል። አራት ሥራዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጥያቄ ከመጻፉ በፊት የፈተና ቢጋር ይዘጋጅ። በቢጋሩ የጎን ረድፍ የዓመቱ ምዕራፎች፣ በአናቱ ደግሞ የሚለካው የዕውቀት ዓይነት ይሰፍራል፤ ማስታወስ፣ መረዳት፣ ተግባራዊ ማድረግ፣ መተንተን። ቢጋር የሌለው ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ለመጻፍ ቀላል ወደሆነው፣ ወደ ማስታወስ ያደላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለተኛ፣ የአንድ ትምህርት መምህራን አንድ የጋራ ፈተና ያውጡ፤ ወረቀትም ተለዋውጠው ያርሙ። የራስን ተማሪ ወረቀት በራስ እጅ ብቻ ማረም ለርኅራኄም ለቂምም በር ይከፍታል። ከዚህ በተጨማሪ «የለምን ጠየቅኸኝ» ጫናው ከአንድ መምህር ትከሻ ወርዶ በትምህርት ክፍሉ ላይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከፈተናው በኋላ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይመዘኑ። ስሌቱ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ነው። ትሩማን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳየው መንገድ፣ ከ60 ተማሪዎች ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን 27 በመቶ፣ ማለትም 16 ተማሪዎች፣ እና ዝቅተኛ ያመጡትን 16 እንለያለን። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 14፣ ከታችኞቹ 6 በትክክል ቢመልሱ ልዩነቱ 8 ነው፤ ለ16 ሲካፈል 0.5 ይሆናል፤ ጥያቄው የሚያውቀውን ከማያውቀው በደንብ ይለያል። ሌላውን ጥያቄ ከላይኞቹ 9፣ ከታችኞቹ 11 ቢመልሱት ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ምናልባት የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል፤ ወይም ጥያቄው አሻሚ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ካርድ ከመሰጠቱ በፊት ማውጣት የፍትሕ ጉዳይ ነው። ደህና የሆኑት ጥያቄዎች ደግሞ በትምህርት ክፍሉ ይከማቹ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጥያቄ ባንክ ይኖራል።

አራተኛ፣ ከተከታታይ ምዘናው ጥቂቱ ብቻ ለነጥብ ይያዝ፤ የቀረው ያለ ነጥብ ይሰጥ። የመጀመሪያው ሴሚስተር የፈተና ወረቀትም ታርሞ ለተማሪው ይመለስ፤ ብዙዎች የሳቱት ጥያቄ በክፍል ውስጥ እንደገና ይሠራ። ወረቀቱ ተቆልፎበት ነጥቡ ብቻ የሚነገረው ተማሪ ከፈተናው የሚማረው ነገር የለም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ

«ትምህርት ቤቶች እውነቱን መናገር ከጀመሩ ደጋሚውና ትምህርት አቋራጩ ይበዛል፤ ቀድመው የሚወጡትም የገጠር ልጆችና ሴት ተማሪዎች ናቸው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። መልሴ እውነትን መናገርና ማስደገም አንድ አይደሉም የሚል ነው። ክፍል መድገም ብቻውን፣ ያለ ልዩ እገዛ፣ ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ እንደገና መስማት ነው። እኔ የምጠይቀው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ላይ ያለበት ክፍተት በጥር እንዲነገረውና ከየካቲት እስከ ግንቦት የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲያገኝ ነው። በጥር ያልተነገረው እውነት መነገሩ አይቀርም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ12ኛ ክፍል ውጤት ይነገራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጡት የሬሜዲያል ትምህርት የዚህ መዘግየት ዋጋ አንዱ ማሳያ ነው። በዚያ ውጤት ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ በር የተመለሱት የከፈሉት ዋጋ ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ዝም ያልንላቸው እንዳይጎዱ ብለን ነበር፤ አብዝቶ የጎዳቸው ግን ዝምታችን ነው። የገጠሩ ልጅ ደግሞ የግል አስጠኚ ስለሌለው፣ ስለ ራሱ ዕውቀት እውነቱን የሚያገኝበት ብቸኛ ምንጭ ትምህርት ቤቱ ነው። ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ካርድ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ጠመኔ ትይዛላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት የክፍላችሁን ብዛትም ሆነ የሪፖርቱን ቅጽ መለወጥ አትችሉም። ቢጋር ማዘጋጀት፣ ከባልደረባችሁ ጋር ወረቀት መለዋወጥ፣ 16ቱን ከላይ 16ቱን ከታች መቁጠር፣ የታረመውን ወረቀት መመለስ ግን ትችላላችሁ። ለእነዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።