አይጧ ጠገበች ወይስ ደከመች?

አይጥን የምናውቃት በሌባነቷ ነው። ስልቻ ትበሳለች፤ የጎተራ እህል ታባክናለች። በቤተ ሙከራ ግን ለሰው ልጅ ብዙ ነገር አስተምራለች። ለመሆኑ አይጥ ስትበላ ቆይታ “በቃሽ!” የሚላት ማነው? ሆዷ ብቻ እንዳይመስለን፤ አንጎሏም አለበት።

የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች ነው። አንዱ ሴሮቶኒን ይባላል። ይህ ንጥረ ነገር በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ ከደም ተለይቶ ወጣ። በአንጎል ውስጥም መኖሩን ቤቲ ትዋሮግና ኧርቪን ፔጅ በ1953 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። አብዛኛው ሴሮቶኒን የሚገኘው በአንጀት ነው። የአንጎሉ ጥቂት ቢሆንም ሥራው ብዙ ነው።

ሴሮቶኒንን እንደ ቁልፍ እናስበው። በሕዋሱ ላይ ያለው ተቀባይ ደግሞ ጓጉንቸሩ ነው። ቁልፉ አንድ ሲሆን ጓጉንቸሩ ግን ከ12 ዓይነት በላይ ነው። “2ሲ” የሚባለው ተቀባይ ሲነካ አይጧ የምትበላው ይቀንሳል። “1ኤ”ን የሚነካ መድኃኒት በትንሹ ሲሰጣት ግን ጠግባ የነበረችው እንደገና ትበላለች። ምክንያቱም ይህ ተቀባይ ሴሮቶኒን በሚያመነጩት ሕዋሳት ላይም ስላለ ሥራቸውን ያቀዘቅዛል። ሴሮቶኒን ሲያንስ ጥጋቡም ይላላል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። 2ሲን የሚነካ መድኃኒት ሲበዛ አይጧ መንቀሳቀስም ትቀንሳለች። 1ኤን የሚነካው ሲበዛ ደግሞ ሆዷን ከመሬት ለጥፋ በፊት እግሮቿ ትረግጣለች። ታዲያ ምግቡን የተወችው ጠግባ ነው ወይስ ሰውነቷ አልታዘዝ ብሏት? ስለዚህ ተመራማሪዎች የበላችውን መዝነው ዝም አይሉም፤ እንቅስቃሴዋንም ይለካሉ። በደንብ የጠገበች አይጥ ፀጉሯን ታጸዳለች፤ ከዚያም ጋደም ትላለች።

ይህ ነገር ለሰውም ይተርፋል። ፌንፍሉራሚን የሚባለው መድኃኒት ሴሮቶኒንን እያበዛ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ብዙ ሰዎች ለመክሳት ይወስዱት ነበር። የልብን ቫልቭ የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከገበያ ወጣ። ለካስ በልብ ቫልቭ ላይ “2ቢ” የሚባል ሌላ ተቀባይ ኖሮ፣ ያም ተከፍቶ ኖሯል!

እንግዲህ አንዱን በር እከፍታለሁ ያለ ሌላውንም ሊከፍት ይችላል። ለመክሳት ብለን ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት አንዋጥ።